ኬቪኤም ከመንፈቅ በኋላ፦ ፕሮግራሙ ሲሞት ማሽኑም አብሮ ይሞታል

ኬቪኤም በሊኑክስ እምብርት (ከርነል) ውስጥ ያለ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ ነው። ስለ ፍጥነቱ ለማወቅ ከሆነ የመጣችሁት፣ ፈጣን ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። እኔን ለመጻፍ ያስነሳኝ ሌላ ነገር ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። ለእያንዳንዱ ፍተሻ አንድ ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ይነሳል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ ይጠፋል። መጥፋት አለበት ማለቴ ነው። በፊት እንጠቀምበት የነበረው፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ሃይፐርቫይዘር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን የሚያሠራ ሶፍትዌር (ስሙ ይቅር)፣ ማሽኖቹን የሚያውቃቸው በመለያ ቁጥር ነበር። ፕሮግራሜ «ማሽን አስነሳልኝ» ይለዋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ፕሮግራሜ መሃል ላይ ድንገት ከሞተ ግን ማሽኑ ሜሞሪውን እንዳቀፈ እዚያው ይቀራል። ቁጥሩን የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቀውም የለም። ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የምሠራው ባለቤት የሌላቸውን ማሽኖች እየለቀምኩ መግደል ነበር። ለዚህም ስክሪፕት ነበረን። እሱ ደግሞ አንዳንዴ በሥራ ላይ ያለውን ማሽን ይገድላል።

ወደ ኬቪኤም ስዞር የራሴን ትንሽ ማስነሻ በሲ ቋንቋ ጻፍኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፕሮግራሙ ቀጥ ሲልብኝ በኪል ማይነስ ናይን (ፕሮግራምን ወዲያው በግድ በሚገድለው ትዕዛዝ) ገደልኩት። እንደለመድኩት የተረፈውን ልጠርግ ስገባ የሚጠረግ ነገር የለም። ማሽኑ የለም፣ ሜሞሪውም ተመልሷል። አላመንኩም። ደግሜ አስነስቼ ደግሜ ገደልኩት። ያው ነው።

ነገሩ አስማት አይደለም፣ የኢንተርፌሱ አሠራር ነው። ስላሽ ዴቭ ስር ኬቪኤም የሚባል አንድ የዲቫይስ ፋይል አለ። ትከፍቱታላችሁ። በአዮክትል (ለዲቫይስ ትዕዛዝ በሚላክበት ጥሪ) «ማሽን ፍጠር» ስትሉት ሌላ ፋይል ዲስክሪፕተር (የተከፈተ ፋይል መያዣ) ይመልስላችኋል፤ ማሽኑ ማለት እሱ ነው። በእሱ ላይ «ቪሲፒዩ (የማሽኑን ፕሮሰሰር) ፍጠር» ስትሉ ሦስተኛ ዲስክሪፕተር ይመጣል። ራሙም ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ እናንተ በኤምማፕ (ሜሞሪ በሚጠየቅበት ጥሪ) ያዘጋጃችሁትን የራሳችሁን ሜሞሪ ነው ማሽኑ እንደ ራም የሚያየው። ሊኑክስ ደግሞ አንድ ፕሮሰስ ሲሞት የከፈታቸውን ፋይሎች ዘግቶ ሜሞሪውን መልሶ መውሰድ ድሮም ያውቅበታል። ኬቪኤም አዲስ የጽዳት ሠራተኛ አልቀጠረም፤ ግቢው ውስጥ በነበረው ተጠቀመ።

ፈቃዱም እንደዚያው ነው። ማሽን ማስነሳት የሚችለው ማነው? ያን ፋይል ለማንበብና ለመጻፍ መክፈት የተፈቀደለት። አዲስ ልጅ ሲቀጠር ኬቪኤም የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ አለቀ። ሩት (የሲስተሙ ሙሉ አስተዳዳሪ) መሆን አያስፈልገውም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ማሽኑ ከተፈጠረ በኋላ ፎርክ ካደረጋችሁ (ፕሮሰሱ ራሱን ቀድቶ ልጅ ፕሮሰስ ከፈጠረ) ልጁም ዲስክሪፕተሩን ይወርሳል። ወላጁን ብትገድሉ እንኳ ልጁ እስካልዘጋው ድረስ ማሽኑ ከከርነሉ አይወጣም። ልጁ ኤግዜክ ካደረገ (ራሱን በሌላ ፕሮግራም ከተካ) ችግር የለም፤ ዲስክሪፕተሩ ያን ጊዜ በራሱ እንዲዘጋ ተደርጎ ነው የሚፈጠረው። የፎርኩ ነገር በዶክመንቴሽኑ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል።

«እኛ ጋ ግን ማኔጅመንት ኮንሶል አለ» ይለኛል በሐሳቤ የሚመላለሰው ሻጭ። ይኑር ወንድሜ። ኮንሶሉ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ ያው ባለቤት የሌለው ማሽን አይደል? «የእኛ ማሽን ፕሮግራሙ ቢሞትም ይቀጥላል፣ ለዳታቤዝ ይሄ ያስፈልጋል» ይላል። ልክ ነው፣ ያስፈልጋል። ኬቪኤም ላይም እኮ ይቻላል። ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ሊብቨርት ሪስታርት ቢደረግ ማሽኖቹ አይነኩም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ማሽን የሚኖረው በራሱ የኪውኢሙ (ማሽኑን በኬቪኤም የሚያሠራው ፕሮግራም) ፕሮሰስ ውስጥ ነው። ልዩነቱ፣ የማሽኑን ዕድሜ ከየትኛው ፕሮሰስ ጋር እንደማስረው የምወስነው እኔ ነኝ። እዚያ ማዶ ግን ድራይቨሩን የጻፈው ሰው አስቀድሞ ወስኖልኛል።

ለነገሩ ሌላውም መንገድ ደጋፊዎች አሉት። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሃይፐርቫይዘር የሆነው ቢሃይቭ ለረጅም ጊዜ የኖረበት አሠራር ለእያንዳንዱ ማሽን በስሙ የዲቫይስ ፋይል ማቆም ነው። ማሽኑን የሚያሠራው ፕሮሰስ ቢወጣም ፋይሉ በትዕዛዝ እስኪጠፋ ይቆያል። ታስቦበት የተሠራ ነው። ለእኔ ሥራ ግን አይሆንም።

የገረመኝ ሌላው ነገር ዕድሜው ነው። ኬቪኤምን አቪ ኪቪቲ የእስራኤሉ ኩምራኔት ውስጥ ሆኖ በ2006 ይፋ አደረገው፤ በየካቲት 2007 ከሊኑክስ 2.6.20 ጋር ወጣ (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር)። የኢንተርፌሱን ቨርዥን ብትጠይቁት ዛሬም የሚመልሰው 12 ነው። ሌላ ቁጥር ከመጣ ፕሮግራማችሁ ሥራ እንዲያቆም ነው ዶክመንቴሽኑ የሚያዘው። አዲስ ነገር ሲጨመር ቨርዥኑ አይነካም፤ «ይሄ ችሎታ አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሌላ አዮክትል አለ። እኛ ጋ ሰርቨሮቹ የተለያየ ከርነል ነው ያላቸው፣ የእኔ ፕሮግራም ግን አንድ ነው። የድሮው ምርት በየአፕዴቱ ላይብረሪ ያስቀይረን ነበር።

የሚያናድድ ነገር የለውም አልልም። በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ሬጅስተሮቹን ሞልታችሁ «ረን» ስትሉት አንዳንዴ ማሽኑ ሳይነሳ ይመለስና በሄክስ 80000021 የሚል ቁጥር ይሰጣችኋል። ትርጉሙ «የሰጠኸኝን የማሽን ሁኔታ ሲፒዩው አልተቀበለውም» ነው። የትኛውን ሬጅስተር? ዝም። ለምሳሌ በ64 ቢት ሞድ የኮድ ሴግመንቱ ኤል እና ዲቢ ቢቶች ሁለቱም 1 ከሆኑ ይሄው ቁጥር ይመጣል። አንዲት ቢት ናት፣ ቀን ታስጨርሳለች። የኢንቴሉ የኬቪኤም ሞጁል ላይ ያልተሳካውን ቪኤምሲኤስ (ሲፒዩው የማሽኑን ሁኔታ የሚያነብበት መዝገብ) ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክቶች) ላይ የሚዘረግፍ ፓራሜተር አለ። ከመጀመሪያው አብሩት፣ ከዚያ በኋላ ጸጉር አትነጩም።

ዊንዶውስን ሊኑክስ ላይ ለማስነሳት ብቻ የምትፈልጉ ሰዎች ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም፤ ቨርት ማኔጀርን ጭናችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ። እንደ እኔ ማሽን በየደቂቃው የምታስነሱና የምትገድሉ ግን አዮክትሎቹን ራሳችሁ ጥሩ። የድሮው ምርት ሻጭ (እውነተኛው) ላይሰንሱን አሳድሱ ብሎ እንደገና ደውሏል። እሺ፣ ግን መጀመሪያ እኔ ፊት ፕሮግራሙን በኪል ማይነስ ናይን ይግደለውና ምን እንደተረፈ አብረን እንቁጠር።