ለጫጩት ሆድ፦ ዱቄቱ፣ ፈሳሹ ወይስ አሬራው?

ጎንደር፣ አዘዞ ያለች ጎረቤቴ 50 ጫጩት አስገብታ ነበር። በአራተኛው ቀን ነጭ ተቅማጥ ጀመራቸው። ኩሱ ቂጣቸው ላይ እንደ ኖራ ደርቆ ተጣበቀ። ሮጣ ሄዳ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ገዛች። ሻጩ ደግሞ «ይሄም ይጠቅማል» ብሎ አንድ ፓኬት ፕሮባዮቲክ ጨመረላት። ሁለቱን በአንድ ጆግ በጥብጣ አጠጣቻቸው።

«ወንድምዓለም፣ ሁለት መድኃኒት ሰጥቼ እንዴት አይሻላቸውም?» አለችኝ።

አንዱ ሌላውን ገድሎታላ! ፕሮባዮቲክ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

በማሽን የተፈለፈለች ጫጩት ሆዷ ባዶ ቤት ነው። ከእናቷ ኋላ እየጫረች ብታድግ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች ከመሬቱም ከኩሱም ትለቅማቸው ነበር። ማሽን ግን እናት አይሆንም። ቀድሞ የገባው ቦታውን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1973 ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ከአዋቂ ዶሮ አንጀት የተወሰደ ባክቴሪያ ለጫጩቶች ሰጥተው፣ ሳልሞኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ቦታ እንደሚያጣ አሳይተዋል። እስያ ውስጥ ሽሪምፕ የተባለውን ትንሽ የውሃ እንስሳ የሚያረቡ ሰዎችም በዚሁ ሐሳብ ነው ባሲለስ የተባለውን ባክቴሪያ መኖና ኩሬ ውስጥ የሚጨምሩት። የእነሱ ጠላት ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ሽሪምፑን ገና በጨቅላነቱ ይፈጃል።

ወደ ፕሮባዮቲኩ ግዢ እንምጣ።

እኔ ብጠየቅ ባሲለስ ያለበትን ዱቄት እመርጣለሁ። ባሲለስ ሲከፋው ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ጠቅልሎ ይተኛል። ሙቀት ይችላል፣ መደርደሪያ ላይ ይቆያል፣ ከመኖ ጋር ይታሻል። አንጀት ሲደርስ ይነቃል። ላክቶባሲለስ ያለበት ፈሳሽም ጥሩ ነው፤ የአንጀት የዘወትር ነዋሪ ስለሆነ ለጨቅላ ጫጩት ይስማማል። ችግሩ ፍሪጅ ይፈልጋል። እዚህ መብራት ሄዶ እስኪመጣ ጠርሙሱ ውስጥ ስንቱ በሕይወት እንደሚቆይ እናንተው ገምቱ። ሻጩ ራሱ ከፍሪጅ ካላወጣላችሁ አትግዙት።

አሬራስ? ርካሽ ነው፣ ከቤት አይጠፋም፣ የላክቶባሲለስ ዘመዶችም አሉበት። ግን ስንት እንደሆኑ የሚነግራችሁ የለም። ዶሮ ደግሞ የወተት ስኳር በደንብ አይፈጭላትም፤ ከበዛ ራሱ ያስቀምጣታል። ትንሽ ከመኖው ጋር አርሶ መስጠት ይበቃል። ላሟ ጤነኛ መሆኗን ማወቅም ያስፈልጋል። አጓት ግን ከዚህ አይቆጠርም። አይብ ሲወጣ እሳት ስላየ አብዛኛው ባክቴሪያ አልቋል፤ ምግብ እንጂ ፕሮባዮቲክ አይደለም።

አንቲባዮቲክ የታመመ ሲኖር፣ የእንስሳት ሐኪም ሲያዝ ነው። «ለመከላከያ» ብሎ በየሳምንቱ መበጥበጥ ጀርሙን ማሠልጠን ነው። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክን ለእድገት ብሎ መኖ ውስጥ መጨመርን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከልክሏል። እንቁላል የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ከዶሮዋ እስኪወጣ ድረስ የሚጣለውን እንቁላል ወጪው ላይ ደምሩት።

ፓኬቱን አገላብጡት። የባክቴሪያው ስም፣ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ቁጥር (ሲኤፍዩ ይሉታል) እና የሚያበቃበት ቀን መጻፍ አለበት። «ጠቃሚ ባክቴሪያ» ብቻ የሚል ከሆነ መልሱለት። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውንም እንደዚሁ። ዋጋ ስታወዳድሩ ፓኬቱን በፓኬት ሳይሆን፣ አንዱ ፓኬት ስንት ጫጩት ለስንት ቀን እንደሚያደርስ አስሉ። ትልቁና ርካሹ ብዙ ጊዜ ጤፍ የማይሞላ ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት ነው።

ውሃውንም አትርሱ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ደግሞ ወዳጁንም ይገድላል። የጎንደር ሰው ውሃ በፈረቃ እየመጣለት በባልዲና በበርሜል ማጠራቀም ለምዷል። ለአንዴ እንኳ ጠቀመን! ክፍት ባልዲ ውስጥ ያደረውን ውሃ ተጠቀሙ፤ ክሎሪኑ ይቀንሳል። የተበጠበጠው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት።

ፈንግልን ግን ከነዚህ አንዱም አይመልሰውም። እሱ ቫይረስ ነው፤ የሚከላከለው አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ነው። ደም የተቀላቀለበት ኩስ ካያችሁም ኮክሲዲያ የተባለ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ሊሆን ስለሚችል በፕሮባዮቲክ ቀን አታባክኑ።

ጎረቤቴ አንቲባዮቲኩን ሐኪሙ እስካዘዘላት ቀን ሰጥታ ጨረሰች። ዱቄቱን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ሁለት ጆግ አላት፤ አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።