ሥራ ለቆ መማር ወይስ እየሠሩ መማር?

ሙያ ለመቀየር 400 ሰዓት የሚፈጅ ኮርስ ልትጀምሩ ነው እንበል። ሥራውን ለቆ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት የሚያጠና በ10 ሳምንት ይጨርሳል። በእነዚሁ 5 ቀናት ማታ ማታ 2 ሰዓት ብቻ የሚያጠና ግን 40 ሳምንት ይፈጅበታል።

ወረቀት ላይ መልቀቁ ያዋጣል። ግን ኮርሱ ባለቀ ማግስት ሥራ አይገኝም፤ የቤት ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም።

የማታው ያደክማል፣ አልዋሽም። ላፕቶፑ ላይ ተደፍቼ አድሬ የቁልፎቹ ምልክት ጉንጬ ላይ ታትሞ ሥራ የገባሁበት ቀን አለ። ቢሆንም እኔ የማታውን እመርጣለሁ። ሙያው እንደማይሆናችሁ መሀል ላይ ቢገባችሁ እንኳ ደሞዛችሁ አለ።

መልቀቅ ካማራችሁ መጀመሪያ አንድ ወር ማታ ሞክሩት፤ የስድስት ወር ወጪም ያዙ። የመልቀቂያ ደብዳቤው ከዚያ ይደርሳል።