በፒያሳ የሸማቾች ሱቅ፦ ከዘይትና ከስኳር ባሻገር

በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ለዓመታት ተገልግያለሁ። ዋጋው ከገበያው ስለሚቀንስ ለጡረተኛውና ለቀን ሠራተኛው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሻጮቹም ትሑቶች ናቸው፣ አረጋውያንን ከሰልፉ አስቀድመው ያስተናግዳሉ። ቅሬታዬ በሚቀርበው ሸቀጥ ላይ ነው። በድጎማ የሚመጣው በአብዛኛው ስኳርና የፓልም ዘይት ሲሆን፣ ዘይቱ ግማሽ ያህሉ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት ጠጣር ስብ በመሆኑ በክረምት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ቅቤ ረግቶ ይገኛል። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት ጎረቤቴ፣ ኮታቸው እንዳይቀርባቸው ብለው ስኳሩን በፌስታል አንጠልጥለው ሲወጡ ሳይ አዝናለሁ። ያም ሆኖ ስኳሩ ይከልከል አልልም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት ለስላሳ መጠጥን ከምግብ ድጋፉ እንድታስወጣ ተፈቅዶላታል፤ እዚህ ግን ለብዙ ቤት ቁርስ ማለት ስኳር ያለው ሻይና ዳቦ ነው። የምጠይቀው ምስር፣ ክክና ባቄላ በዚያው ድጎማ እንዲቀርቡ፣ ስኳሩን የማይፈልግ ሰውም በኮታው ልክ ምስር መውሰድ እንዲችል ነው።