ሦስቱን ቫኖቼን ያለ አንዲት ጭረት ላደረሱልኝ ሰው

ትናንት ጠዋት የኮንቴይነሩ በር ሲከፈት አጠገቡ ቆሜ ነበር። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሦስቱ ትንንሽ የጃፓን ቫኖቼ በተጫኑበት ቀን በፎቶ እንዳየኋቸው ቆመው አገኘኋቸው፤ አንድም ቀበቶ አልላላም፣ አንድም መስታወት አልተሰነጠቀም። ስለዚህ ጭነው፣ አስረውና አሽገው የላኩልኝን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ይህን ጻፍኩ።

ደስታዬ የበዛው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ስለተቃጠልኩ ነው። ያን ጊዜ በሌላ አስተላላፊ በኩል ሁለት ቫን አስመጥቼ፣ በሩ ሲከፈት የኋለኛዋ የፊተኛዋን የኋላ በር ጨፍልቃው አገኘኋት። ቀበቶው የታሰረው ከመኪናዋ አካል ጋር ነበር። መርከብ በማዕበል ሲናጥ የመኪና አካል በሞላው ላይ ዝቅ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ቀበቶው ይላላል፣ ከፍ ሲል በኃይል ይወጠራል፤ ሳምንታት እንዲህ ሲቀጥል መንጠቆው ከቦታው ይወልቃል። ይህን ምክንያት እንኳ ያኔ የነገረኝ አልነበረም። ያስረዱኝ እኚህ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ቀበቶውን የሚያሳልፉት በጎማው ላይ ነው፤ አካሉ በሞላው ላይ ቢወዛወዝም ጎማው ወለሉን እንደያዘ ይቆያል።

መጀመሪያ ስደውልላቸው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት የጠየቁኝ የመኪኖቹን ርዝመትና ቁመት ነው። እኔ አራት ቫን በአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አስገብቼ ወጪ ልቀንስ አስቤ ነበር። በእርጋታ አሰሉልኝ። በጃፓን የቀላል መኪና ሕግ እነዚህ ቫኖች ከ3 ሜትር ከ40 ርዝመትና ከ1 ሜትር ከ48 ስፋት አይበልጡም። የኮንቴይነሩ ውስጥ 12 ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱ 10 ሜትር ከ20 ይይዛሉ፤ አራቱ ግን 13 ሜትር ከ60 ይሆናሉ። ጎን ለጎን እንዳይቆሙ ደግሞ የውስጡ ስፋት 2 ሜትር ከ35 ብቻ ነው። «ልጄ፣ አራተኛዋ አትገባም። ብረት ሠርቶ አንዷን አዘንብሎ የሚያስገባ ሰው ታገኛለህ፤ የአንተ መኪኖች ጣራቸው ረጅም ስለሆነ እኔ ግን አላደርገውም» አሉኝ። የአራተኛዋን ክፍያ እያዩ እንዲህ ያለ ቃል የሚናገር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። በዚያው ቃላቸው አመንኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በፎቶ አየሁት። የአንደኛዋ ቫን ፖርቶመጋላ ከበሩ ቁመት ጋር ስለሚያጣብብ ተፈትቶ ውስጧ ተቀመጠ። ብዙ አገሮች አፈርና የአረም ዘር ይዞ የሚመጣን መኪና ወደቡ ላይ ስለሚያግዱ ሦስቱም ከሥር ሳይቀር ታጠቡ። ነዳጃቸው ከሩብ ታንከር በታች እንዲሆን ተደረገ፤ የባትሪዎቹ ኔጌቲቭ ገመድ ተነቅሎ ጫፉ ተሸፈነ። ለጎማዎቹ ታኮ የሆነው እንጨት በሙቀት የታከመና የስንዴ ዛላ ምልክት ያለበት ማኅተም የታተመበት ነው፤ ያልታከመ እንጨት ተባይ ይዞ ይሻገራል ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የተሞላ ኮንቴይነር ክብደቱ ሳይረጋገጥ መርከብ ላይ እንዳይወጣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ግዴታ ስለሆነ የሚዛኑን ወረቀትም አያይዘው ልከውልኛል።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ቫኖቹ ገብተው ታስረው ካበቁ በኋላ በሩን ያን ዕለት አላሸጉትም። መኪና አዲስ ቦታ ላይ ሲቆም ሞላውም ቀበቶውም ትንሽ እንደሚረጋ ስለሚያውቁ አሳድረው በማግሥቱ ተመለሱ። ደውለውም «የመካከለኛዋ የኋላ ግራ ቀበቶ ግማሽ ዙር ላልታ አገኘኋት፤ አጥብቄያታለሁ» አሉኝ። በግራና በቀኝ የቀረው ክፍተት ከግማሽ ሜትር በታች ነው፤ በዚያ ጥበት በጎን ሾልከው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ነው ያጠበቋት። ይህን ባያደርጉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። በሩ የሚከፈተው እሳቸው በማያዩት ወደብ፣ ከሳምንታት በኋላ ነው።

በመጨረሻ የማሸጊያውን ቁጥር በቅርብ ፎቶ አንስተው ላኩና ሲደርስ ከመቆረጡ በፊት ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ጋር እንዳመሳክረው አሳሰቡኝ። አመሳከርኩ፤ አንድ ነው። የሦስቱም የሻንሲ ቁጥር በሰነዱ ላይ ያለ አንድ ፊደል ስሕተት ተጽፏል፤ ጉምሩክ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልቆምኩም።

ክፍያቸው ከፊተኛው አስተላላፊ ከፍ ይላል፣ ሥራቸውም አንድ ቀን ይረዝማል። ሁለቱንም ሳላቅማማ እከፍላለሁ።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት እጅዎ ይባረክ። የእርስዎን ስምና ስልክ ያለ ፈቃድዎ አደባባይ ላይ ማውጣት አልፈለግሁም። ትንሽ ቫን ወይም ሌላ አነስተኛ መኪና በኮንቴይነር ለመላክ ያሰባችሁ በግል ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ሜትር ይዛችሁ መኪናችሁን ከፓራውልት እስከ ፓራውልት፣ ከመሬት እስከ ጣራ ለኩ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።