መርፌ ከማንሳቷ በፊት ለመለሰችን ሲስተር

ጎንደሮች፣ ከልቤ የማመሰግናት አንዲት ባለሙያ አለች።

እናቴ ጉልበቷን ከታመመች ሦስት ዓመት አለፋት። ከቤታችን እስከ ሥላሴ ያለችውን መንገድ ሦስቴ አርፋ ነው የምትጨርሳት። አኩፓንክቸር፣ ማለትም ሰውነትን በቀጫጭን መርፌ እየወጉ ሕመም የሚያስታግሱበትን ሕክምና፣ ሞክሩ ተባልን። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ መርፌው ከክፍት ሳህን ሲነሳ አየሁና እናቴን ይዤ ወጣሁ። ሄፓታይተስና ኤችአይቪ ሌላ ሰው በተወጋበት መርፌ እንደሚተላለፉ እያወቅሁ እንዴት ዝም ልበል?

ከዚያ ፒያሳ አካባቢ የምትሠራ ሲስተር ጠቆሙን። በመጀመሪያው ቀን መርፌ አላነሳችም። «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለቻት። እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ አሳየቻት። ዋርፋሪን። ለልቧ የምትወስደው፣ ደም የሚያቀጥን ነው። «ሐኪምዎ ሳያውቅ አልጀምርም፤ ደም አልቆም ሊልዎት ይችላል» ብላ መለሰችን። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ዛሬ ከምንም በላይ የማመሰግናት ለዚያ ነው።

ሐኪሟ ደሟን አስመርምሮ ሲፈቅድ ተመለስን። ሁዳዴ ነበር፣ እናቴም ምንም አልቀመሰችም። ሲስተር በባዶ ሆድ ራስ ያዞራል፣ ሰውም ይወድቃል ብላ ቀጠሮውን ወደ ማታ ገፋችልን። እናቴ ከቅዳሴ መልስ ቀምሳ መጣች።

መርፌዎቹን ከነእሽጋቸው አሳይታን እዚያው ፊታችን ቀደደች። አንዴ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ። ስትወጋ ቆጠረች፣ ስታወጣም ቆጠረች። ስምንት ገባ፣ ስምንት ወጣ፣ ሁሉም ያገለገለ መርፌ በሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ተጣለ። እናቴ «ከዋግምት ይሻላል» አለች። በማግስቱ ትንሽ በልዞ ነበር፤ ይህንንም አስቀድማ ነግራናለች።

እኔም ለትከሻዬ ጠየቅኋት። ትከሻና ደረት አካባቢ በጥልቀት የገባ መርፌ ሳንባ ሊበሳ እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረችኝ። የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። ግን ከሕክምናው በኋላ ትንፋሽ ካጠረኝ ወይም ደረቴን ከወጋኝ ነገ ዛሬ ሳልል ሆስፒታል እንድሄድ አስጠነቀቀችኝ። አደጋውን እንዲህ ፊት ለፊት የሚነግር ባለሙያ ስንቱ አለው?

የእናቴ ጉልበት ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ሲስተርም እንዲያ ብላ ቃል አልገባችልንም። ግን ባለፈው እሑድ ሥላሴ የደረሰችው አንዴ ብቻ አርፋ ነው።

ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ አትፈልግም፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።