ወፍ ለማየት ዶላር ከፈልኩ

ፍራንክፈርት ያሉ ጓደኞቼ «አገርህ ሄደህ ወፍ ስታይ ዋልክ?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ከዘጠኝ ሰዎች ጋር ባቱና ላንጋኖ ሁለት ቀን ወፍ ፍለጋ ዞርኩ። መሞከር ለምታስቡ፣ ያገኘሁትን አገልግሎት እንዳለ ላውራችሁ።

ያዘጋጀው ቢሮ ስሙ ይቆየን። መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተባለ። ሚኒባሱ የመጣው 12 ተኩል ላይ ነው፣ ያውም ናፍጣ ሳይቀዳ። ማደያ ሰልፍ ላይ ፀሐይ ወጣችብን። ወፍ ደግሞ ጠዋት ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል። ይቅርታ ያለን የለም። ከአዲስ አበባ የመጡትን በብር፣ እኔንና ከቨርጂኒያ የመጡትን ሁለት እህትማማቾች በዶላር አስከፈሉን። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ብናሳይ «እሱ እኛን አይመለከትም» አሉ። አብያታ ሻላ ፓርክ በር ላይ ያለው ሰውዬ ግን ካርዱን አየና ያለ ክርክር በአገር ሰው ዋጋ አስገባን።

ምሳ በሒሳቡ ውስጥ አለ። የተዘጋጀው የባቱ ዓሣ ነው፤ ወሩ ደግሞ ሁዳዴ። አራታችን ጿሚ ነን። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ተነሳ፣ እንደተለመደው ሳይቋጭ ሽሮ ታዘዘ። ሽሮው አንድ ሰዓት ፈጀ። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር ቆሞ የሚጥሉትን አንጀት ይጠብቃል። የዚያን ቀን ምሳውን በሰዓቱ ያገኘ እሱ ብቻ ነው።

አስጎብኚው ግን ሌላ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው፣ የላንጋኖ ልጅ። በሁለተኛው ቀን ሚኒባሱን አልጠበቀም፤ ገና ሳይነጋ ከሎጁ በእግር አወጣን። ግራር ሥር አቆመኝና «ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ፤ መጀመሪያ ይስሙ» አለኝ። ከላይ ጀምሮ እየለሰለሰ፣ እየቀጠነ የሚወርድ ዜማ። ይህን ድምፅማ አውቀዋለሁ! በየዓመቱ ብርዱ ሲለቅ ከቤቴ ጀርባ ዛፍ ላይ የሚዘፍነው፣ ጀርመኖች ፊቲስ የሚሉት ትንሽ ወፍ ነው። ክብደቱ 9 ግራም ገደማ፤ ከሁለት ዩሮ ሳንቲም ብዙም አይበልጥም። የእኛን በጋ አፍሪካ ከርሞ፣ በዚህ ሰሞን በረሃውን አቋርጦ አውሮፓ ይገባል። ልጁ እግሩን እንዳይ ነገረኝ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ። «ጥቁር እግር ካዩ ቺፍቻፍ ነው» አለ። ሁለቱ ወፎች ከእግራቸው በቀር በመልክ ብዙም አይለዩም፤ ሲዘፍኑ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። ሃያ ዓመት ፍራንክፈርት ኖሬ ይህን ያስተማረኝ የለም።

ከዚያ ወደ ከብቱ ሄድን። ጭራዋን የምታወዛውዝ ቢጫ ወፍ በሬ ኮቴ ሥር ትሯሯጣለች፤ ከብቱ ያስነሳውን ዝንብ ትለቅማለች። በጀርመንኛ ሻፍሽቴልዘ ናት፤ «ሻፍ» በግ ነው። ወንዶቹ ለጉዞው አዲስ ላባ ለብሰዋል። ጭንቅላቱ ግራጫ የሆነው ወደ መካከለኛው አውሮፓ፣ ጥቁር የሆነው ወደ ባልካንና ቱርክ ነው። እረኛው ዱላውን ተደግፎ በጣም ተመስጦ ያያል። ወፏን ሳይሆን እኛን።

ሎጁ ንጹሕ ነው፣ ውሃውም ይሞቃል፤ ጄኔሬተሩ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ባይኖክላር ከቢሮው አትከራዩ፤ የእኔ ሌንሱ ሻግቶ ነበር።

ስንመለስ ቢሮው «አምስት ኮከብ ስጡን» የሚል መልእክት ላከ። ልጁን ስንት ይከፍሉሃል ብዬ ጠየቅሁት። ሳቅ አለና «ይተዉት ጋሼ» አለኝ። ስልኩን ተቀብያለሁ። በሚቀጥለው መጋቢት የምደውለው በቀጥታ ለእሱ ነው። ምሳዬንም ቋጥሬ።