ደሴ ላይ ቤት ለገና ማሰናዳት፦ ማንን ደግሜ እጠራለሁ?

ለገና ወደ ደሴ የምትመጡ ከሆነ ሻንጣችሁን በመብራትና በሚያብረቀርቅ ኳስ አትሙሉት። ይህን የምላችሁ ስቶክሆልም የምኖር፣ ቤት ማስዋብ ትንሽ የሚያጠቃኝ ሰው ነኝ። ዘንድሮ የእናቴን ቤት ለበዓል ላሰናዳ ብዬ ያላዳረስኩት ባለሙያ የለም። ቀለም ቀቢ፣ መስታወት ቆራጭ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ መጋረጃ ሰፊ፣ ምንጣፍ አጣቢ፣ የዲኮር ልጆች፣ ችግኝ ሻጭ፣ ቄጤማ ሻጭ ሳይቀር። አብዛኞቹ ግሩም ናቸው። ሁለቱን ግን ደግሜ አልጠራም። ዋጋ አልጽፍም፤ እስክታነቡት ድረስ ይቀየራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ስቶክሆልም ውስጥ በገና ሰሞን ፀሐይ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሰው በየመስኮቱ ሰባት መብራት ያለው መቅረዝና የወረቀት ኮከብ የሚያበራው ወዶ አይደለም። ቤት ማስዋብ ማለት እዚያ ከጨለማ ጋር መታገል ነው። ደሴ ግን ታኅሣሥ በጋ ነው። ቀኑ ብራ ነው፤ የሚቆረጥመው ማታው ነው። እዚህ በዓል ቤት የሚገባው በወለሉና በሽታው በኩል ነው። ግድግዳው ይጸዳል፣ መጋረጃው ይቀየራል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል። መብራቱ ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖርም በዓሉ በዓል ነው። ይህን ካወቃችሁ ገንዘባችሁን የት እንደምታውሉት ይገባችኋል።

ሌላው የቀን ነገር ነው። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ይውላል፣ የእኛ 29። እኔን መሰል ሠራተኛ የእነሱን በዓል አሳልፎ ሲመጣ ደሴ ውስጥ ቀቢና ሰፊ እየተሻሙበት ባለበት ሳምንት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ገና ውጭ ሳላችሁ በዘመድ በኩል ቀጠሮ አስይዙ። ኅዳር ላይ ብትደውሉ ይመረጣል።

ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለም። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን አጭር በረራ ነው። ከዚያ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሽቅብ ወደ ደሴ ነው። ኮምቦልቻ በሸሚዝ ወርዳችሁ ደሴ ላይ ጃኬት ትፈልጋላችሁ። የኮንትራት ታክሲ ሻንጣችሁን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው፤ ቤተሰብ ቢቀበላችሁ ይሻላል።

አሁን ወደ ቀቢው። ያገኘሁት በጎረቤታችን በኩል ነው። እኔ ቀለም መርጬ ጨርሻለሁ። እሱ ግን የመረጥኩትን ዞር ብሎም ሳያይ ግድግዳውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። አሮጌው ቀለም እየተፈረፈረ ወደቀ። የደሴ ክረምት ግድግዳ ውስጥ የሚያስገባውን እርጥበት ለምታውቁ አዲስ ነገር አይደለም። “ይሄ ሳይፋቅ ብንቀባው ለጥምቀት አይደርስም” አለኝ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ከገና በኋላ አሥራ ሁለት ቀን! ፋቀው፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞላው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀባው። የታችኛውን ክፍል እስከ ወገብ ድረስ ዘይት ቀለም አደረገልኝ። ልጆች ቢደገፉበት፣ ወጥ ቢፈናጠርበት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ብሩሽ አይነሳም። ግድግዳው ሌሊቱን ቀዝቅዞ ስለሚያድር ፀሐይ እስኪነካው ይጠብቃል። መጀመሪያ ሰነፍ መስሎኝ ነበር፤ ሥራውን ሳይ ዝም አልኩ።

ዋጋ የሚነገረው በካሬ ነው። የእጅ ዋጋ ብቻ ይሁን ቀለሙንም ጨምሮ፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቀለሙን ራሳችሁ ብትገዙ ይሻላል፤ የተረፈውም ቤት ይቀራል፣ ለሚቀጥለው ዓመት መጠገኛ።

የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ስለሆነ የእኛ ቤት ምሳ ሽሮና ምስር ነበር። ቀቢው ሙስሊም ነው። እናቴ ለእሱ ብላ እንቁላል ልትጠብስ ስትነሳ “ይተዉት እማማ፣ እዚህ ቤት እስካለሁ እኔም ጾመኛ ነኝ” ብሎ አሳቃት። ወሎ ነውና ማንም አልተገረመም።

መስታወት ቆራጩ ሰፊ ቦታ ባይፈልግም ሳላነሳው አላልፍም። በ2014 ጦርነት ጊዜ የተሰበረ አንድ የሳሎን መስኮት እስካሁን በላስቲክ ተሸፍኖ ነበር። ሰውዬው መጥቶ ለካ፣ ሱቁ ሄዶ ቆርጦ ተመለሰ፣ ገጥሞ ሄደ። ግማሽ ቀን አልፈጀም። እናቴ “ይህችን ብቻ ብታሠሪልኝ ይበቃኝ ነበር” አለችኝ።

ኤሌክትሪሺያኑ ግን የጉዞዬ ኮከብ ነው። የጠራሁት በረንዳው ላይ የመብራት ገመድ እንዲሰቅልልኝ ነበር። ገና በር ላይ ሳለ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው። “ምጣዱ የት ነው የሚሰካው?” አለኝ። ምጣዱ የሚሰካው ማከፋፈያ ላይ ነበር። በዚያው ማከፋፈያ ላይ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሊሰቀል የታሰበው የገና መብራትም አለ። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የኤልኢዲ ገመድ የሚበላው ጥቂት ዋት ነው፤ እሱ ማንንም አይጎዳም። ምጣዱ ግን ብቻውን ኪሎዋቶች ይስባል። የገና ዋዜማ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ ይጋግራል፣ ዶሮ ወጥ ይሠራል፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ደካማው ገመድ ይግላል። እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም ምጣድ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር ይፈልጋል። እሱን ዘረጋልን። ሁለት የጠቆሩ ሶኬቶችን ቀየረ። የበረንዳውን መብራት የሰቀለው ከዚያ በኋላ ነው፤ አሥር ደቂቃም አልወሰደበት። “ዕቃው ይጠፋ ይሆን?” ብዬ ስጨነቅ “አብሽሪ እህቴ” ብሎ የጎደለውን ሁሉ ከፒያሳ ይዞ መጣ፤ ደረሰኙንም አስረከበኝ።

ከአሜሪካ ለምትመጡ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። እዚያ ያለው 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። ለ120 የተሠራ የገና መብራት እዚህ ከተሰካ ይቃጠላል። ሶኬቱን የሚያስማማው ትንሽ ነገር የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ከአውሮፓ የሚመጣው ይሠራል። ግን ለምን ትሸከማላችሁ? ያው መብራት ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ይጠብቃችኋል። መብራት ሲጠፋ ለሚያስቡ፣ በባትሪ የሚሠራው ጥሩ ነው። ሻማ ግን ጥጥ ከተጠመጠመበት ዛፍ አጠገብ አታስቀምጡ። እባካችሁ።

መጋረጃ ሰፊው አራዳ አካባቢ ነው ሱቁ። ቤት ድረስ መጥቶ ይለካል፤ እኔ የላክሁለትን ልክ አላመነም፣ ደግ አደረገ። ለሽንሽኑ የመስኮቱን ስፋት እጥፍ ያህል ጨርቅ ይፈልጋል፤ እሱን ሳታስቡ ጨርቅ ከገዛችሁ መጋረጃው አንሶላ ይመስላል። ቀይና አረንጓዴ ላድርገው ስለው ፊቱን አጨፈገገ። “ገና ሲያልፍስ? ለፋሲካ ልትቀይሪው ነው?” ቀለል ያለ የወተት ቀለም መረጠልኝ፤ ልክ ነበር። የእናቴ ነጭ ዳንቴሎች ታጥበው፣ በስታርች ደርቀው ሶፋው ላይ ሲመለሱ ሳሎኑ ሌላ ጌጥ አላስፈለገውም። ዓርብ ቀትር ላይ ሱቁ ለጁምዓ ይዘጋል፤ ብዙ ሱቆችም እንዲሁ ናቸው፤ ቀጠሮ ስትይዙ አስቡት። በተባለው ቀን አላደረሰም፣ ግን አስቀድሞ ደውሎ ነግሮኛል። ሳይደውል የሚጠፋ ሰው ስለበዛ ይህን በመልካም ጎኑ መዝግቤለታለሁ።

ምንጣፍ አጣቢዎቹን በስም አልጠራም። ምንጣፉን ወሰዱ፣ በቀጠሮው ቀን ጠቅልለው መለሱ። ስንፈታው እርጥብ ነው። ሽታው ለበዓል የሚሆን አይደለም። ስንደውል “ደርቆ ነው የወጣው” አሉ። የደሴ የታኅሣሥ ፀሐይ ደማቅ ይሁን እንጂ ወፍራም ምንጣፍ ለማድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ማታ ማታ ደግሞ ቅዝቃዜው የደረቀውን መልሶ ያረጥበዋል። አክስቴ ኮምቦልቻ ያሳጠበችው በሁለተኛው ቀን ደርቆ መጥቷል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው። መጓጓዣው ከተገኘ እዚያ ይሻላል። ደሴ ከሆነ ደግሞ ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ አሳጥቡ፣ ሲመልሱም በር ላይ ሳትፈቱ አትቀበሉ።

ዲኮሩ ሌላው ቅሬታዬ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ይህን አልክድም። የሠርግና የልደት ሥራቸውን በስልክ ሲያሳዩኝ ደስ ብሎኝ ነው ቀብድ የከፈልኩት። ለገና ያመጡት ግን የፊኛ ቅስት፣ የወርቅማ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ከጥጥ የተሠራ የበረዶ ሰው ነው። ከበረዶ ሸሽቼ መጥቼ ሳሎን ውስጥ ጠበቀኝ! ደሴ የሚያውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ እሱን የሚናፍቅ ሰው አላየሁም። የባሰው ደግሞ ኪራዩ የአንድ ቀን መሆኑ ነው። የገና ማግስት ጠዋት፣ ቤቱ እንግዳ ሞልቶ፣ ቡና አቦሉ እየተቀዳ ሳለ መጥተው መንቀል ጀመሩ። የእኛ ቤት ደግሞ እስከ ጥምቀት እንደተሰናዳ ነው የሚቆየው። ለሠርግ ጥሯቸው፤ ለገና ግን ብታልፏቸው ይሻላል።

ዛፉን በተመለከተ፣ ተቆርጦ የሚሸጥ የጥድ ቅርንጫፍ በየመንገዱ ታገኛላችሁ። እኔ አልገዛም። የሀበሻ ጥድ በዝግታ ነው የሚያድገው፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ የተረፈው ደን ጥቂት ነው። ከኮምቦልቻ በላይ የየጎፍን ደን ያየ ሰው ጥድ ትልቅ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያውቃል። ከቻይና የሚመጣው የፕላስቲክ ዛፍ ሱቅ ሁሉ አለ፤ በየዓመቱ የምታወጡት ከሆነ አይከፋም። እኔ የመረጥኩት ሦስተኛውን ነው። ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ካለ ችግኝ ሻጭ ቁመቱ ደረቴ የሚደርስ የፈረንጅ ጥድ በፕላስቲክ ከረጢት ገዛሁ። ሻጩ የእርሻ መምህር የሚሆን ሰው ነው። ሳሎን ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ አታቆዩት አለኝ፤ መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ውኃ አይጉደልበት፣ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ይተከል። “ከቤቱ ግድግዳ አርቃችሁ ግን” ብሎ ሁለት ጊዜ ደጋገመልኝ። በሪባንና እናቴ ከስንደዶ ሰፍታ ባስቀመጠቻቸው ትናንሽ ሰፌዶች ሸለምነው። ቀለም የገባው አክርማ ቀዩና አረንጓዴው ራሱ የገና ነው። እንግዳ ሁሉ ስለ ሰፌዶቹ ጠየቀ፤ ስለ መብራቱ የጠየቀ የለም።

ቄጤማ ሻጯን ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው ያገኘኋት፣ በዋዜማው ማለዳ። እንዳትዘገዩ፤ ረፋድ ላይ የሚቀረው የጠወለገ ነው። ስንት እስር እንደሚበቃኝ ስጠይቃት መልሳ ጠየቀችኝ። “ስንት ክፍል ነው? ወለሉ ባዶ ነው ወይስ ምንጣፍ አለው?” ከተማ ውስጥ በገንዘቤ ካማከርኳቸው ሁሉ እንደሷ አጥርቶ የጠየቀኝ ኤሌክትሪሺያኑ ብቻ ነው። ምንጣፍ ላይ እንዳልጎዘጉዝ አስጠነቀቀችኝ፤ ሲረገጥ የሚወጣው አረንጓዴ አይለቅም። ጠጅ ሳርና አሪቲ ጨምራ አሰረችልኝ። ዋጋ ሳልከራከር ስከፍላት ደግሞ ጥቂት አደስ መረቀችልኝ። ባጃጁ ውስጥ ሳስገባው ሾፌሩ “ዛሬ መኪናዬም በዓል ሆነ” አለ። ቤት ስንደርስ ለሽታው ሲል መቀመጫው ላይ የተራገፈውን እንዳልጠርግበት ለመነኝ።

ስለ ክፍያ፦ ከቀቢው እስከ ሰፊው በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ይቀበላሉ። ለገበያው ግን ዝርዝር ብር ያዙ። ሠራተኛ ቤት ሲመጣ ቡና ሳይጠጣ አይሄድም፤ እሱን ከሰዓታችሁ ላይ ቀንሱ። ሦስቱንም ሳይጠጣ ቢሄድ እናቴ ሥራው አልተጠናቀቀም ባይ ናት።

ለሚቀጥለው ገና ገና ሳልመጣ የምደውለው ለኤሌክትሪሺያኑ ነው፤ የጓሮው መስመር ይቀረዋል። ቀጥሎ ለቀቢው፤ መኝታ ቤቶቹ አልተነኩም። ሰፊው የሶፋ ልብስ ይሠራልኛል። ምንጣፉን እኔና እህቴ እናጥበዋለን።